ሆቴላችን ክፍል የሚያድል አፕ ሊያመጣ ነው፤ ኮንትራቱ ላይ ምን እናስጽፍ?

ጽጌ_ቬጋስ

እንደምን ከረማችሁ። ላስ ቬጋስ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ስትሪፑ (ትልልቆቹ ሆቴሎችና ካሲኖዎች ያሉበት ጎዳና) ላይ ካሉት ግዙፎቹ ውስጥ እንዳልሆነ ልንገራችሁ። ዩኒየን አለን። ኮንትራታችን ዘንድሮ ያልቃል። ባለፈው ሳምንት ስቲዋርዳችን (እዚያው ሥራ ቦታ ያለው የዩኒየን ተወካይ) ምሳ ሰዓት ላይ መጣና «ድርድር ኮሚቴው ውስጥ ግቢልን፤ ሐበሾቹ አንቺን ይሰማሉ» አለኝ። ስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እሺ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ አሁን ጠዋት ስንገባ አንድ ወረቀት ይሰጠናል። የቀኑ ክፍሎች በሙሉ እዚያ ላይ አሉ። ወረቀቱን አይቼ ቀኔን እኔው አስተካክላለሁ። ቼክ አውቶቹን፣ እንግዳ ለቆ የወጣባቸውን ክፍሎች ማለቴ ነው፣ ጉልበት ሳለኝ አስቀድማለሁ። ከኮሪደሩ አንድ ጫፍ ጀምሬ ጋሪዬን እየገፋሁ ሌላው ጫፍ እወጣለሁ። ባለፈው ወር «ለሙከራ ነው» ብለው ለአሥራ ሁለታችን ስልክ ሰጡን። ስልኩ ላይ ያለው አፕ አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚያሳየው። ስትጨርሺ ትነኪዋለሽ፣ ቀጣዩ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ አታውቂም።

በመጀመሪያው ቀን ከ14ኛ ፎቅ ወደ 17ኛ ላከኝ። ከ17ኛ መልሶ ወደ 14ኛ። ያውም የት? ቅድም ካጸዳሁት ክፍል ፊት ለፊት! የጋሪውን ክብደት የገፋው ያውቀዋል። የሠራተኞች ሊፍት መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አፑ ግን ሊፍት የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። የጠበቅኩበትን ሁሉ ክፍል ውስጥ እንደቆየሁ አድርጎ ይቆጥረዋል። ማታ ሱፐርቫይዘሯ ስክሪኗን እያየች «ዛሬ ምን ነካሽ? አንድ ክፍል 41 ደቂቃ ይላል» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ደቂቃዬን የቆጠረ ሰው አልነበረም።

ሮቦት መጥቶ አልጋ ያነጥፋል ብዬ አልፈራም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሮቦት ነው። እኔን የያዘኝ ይህ ስልክ ነው። ይህን ነገር ኮንትራት ላይ እንዴት ነው የሚያስሩት? ሌላ ቦታ የምትሠሩ ምን አስጻፋችሁ? ሠርቶ ያየ ሰው ይንገረኝ።

ኪያ_702

ጽጌ ጎበዝ! እኔ ከትልልቆቹ በአንዱ ኪችን ነኝ፣ የሆቴል ሠራተኞች ዩኒየን የሆነው የኩሊነሪ 226 አባል። የኛን ልንገርሽ።

ኖቬምበር 2023 ላይ ሥራ ልናቆም ቀን ተቆርጦ፣ ሰዓታት ሲቀሩ ነው ከትልልቆቹ የሆቴል ኩባንያዎች ከሲዛርስ፣ ከኤምጂኤም እና ከዊን ጋር አንድ በአንድ ስምምነት ላይ የተደረሰው። የአምስት ዓመት ኮንትራት ነው። ሰው የሚያወራው ስለ ጭማሪው ነው፤ በአምስት ዓመት 32 በመቶ፣ በመጀመሪያው ዓመት 10። ስለ ቴክኖሎጂ የሚለውን ገጽ ማን ያነበዋል? እኔ ራሴ ያነበብኩት እህቴ ሀውስ ኪፒንግ ስለሆነች ነው።

እዚያ ላይ ሥራን የሚነካ ቴክኖሎጂ ከመምጣቱ በፊት ኩባንያው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። አዲስ ሥራ ከተፈጠረ ሥልጠና ይሰጣል። በቴክኖሎጂ ወይም በኤአይ የተነሣ የሥራ መደብሽ ከጠፋ ለሠራሽበት ለእያንዳንዱ ዓመት 2,000 ዶላር አለ። አንቺ ዘጠኝ ዓመት ብለሻል፣ 18 ሺህ ማለት ነው። የጤና ኢንሹራንስም አለው።

ላንቺ ግን ይህ አይደለም ዋናው። ሁለት ነገር ፈልጊ። አንደኛው፣ ሠራተኛ የት እንዳለ በሚከታተል ቴክኖሎጂ ላይ የመደራደር መብት ተጽፏል፤ መረጃው ለሦስተኛ ወገን ሲሄድም ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሁለተኛው ቴክኖሎጂ በሚለው ርዕስ ሥር አይደለም ያለው። ክፍል አጽጂዎች በተወሰነ አካባቢ እንዲሠሩ የሚለው ነው። ከ14 ወደ 17 እየተባለ እንዳይዘለል! አየሽ፣ አፑን ሳይነኩ አፑ የሚያደርገውን ነገር አሰሩት።

ደግሞ ዩኒፎርምሽ ላይ ያለችውን የአደጋ ቁልፍ አትርሺ። እሷ ያለሽበትን ታሳያለች። እሷን ግን ያመጣናት እኛው ነን፤ በ2018 ኮንትራት እንግዳ ቢተናኮል ሴቶቹ እንዲጫኗት ተብሎ። ስለዚህ «ዩኒየን ቴክኖሎጂ ይጠላል» ቢሉሽ ቁልፏን አሳያቸው።

ቀልዱ_አያልቅም

አልጋ የሚያነጥፍ ሮቦት ሲመጣ እባካችሁ አንድ ለኔ ቤት። የዩኒየን መዋጮውን እኔ እከፍልለታለሁ።

እውነት_እውነቱን

ይቅርታ አድርጉልኝና ማኅበር ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ማልቀስ። የኢስት ኮስት ወደብ ሠራተኞችን አየን አይደል? ኦክቶበር 2024 ላይ 45 ሺህ ሰው ገደማ ሦስት ቀን ሥራ አቆመ። 62 በመቶ ጭማሪ በስድስት ዓመት አገኙ። ያም አልበቃ ብሎ አውቶሜሽን አይምጣ ብለው እስከ ጃንዋሪ 2025 ተሟገቱ። ሌላው ዓለም ወደቡን በማሽን ያንቀሳቅሳል፣ እነሱ ማሽን ይከለክላሉ። ሆቴሉም ቢሆን ንግድ ነው። ካልተመቸው ዘግቶ ይሄዳል።

ጋሽ_ተፈራ

ልጆች፣ ወደብ ከተነሣ እኔም አንድ ነገር ልበል። ዌስት ኮስት ላይ ካሉት ወደቦች በአንዱ 16 ዓመት ኮንቴይነር ጎትቻለሁ። አሁን ጡረታ ነኝ። በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሾፌር ብዙ ያያል፣ ብዙም ይሰማል።

ኮንቴይነር ሳይመጣ በፊት ዕቃው በከረጢት፣ በሳጥን፣ በበርሜል ነበር የሚጫነው። ዌስት ኮስት ላይ ደግሞ አንድ ደንብ ነበር። መኪና ላይ ተደርድሮ የመጣውን ዕቃ መጀመሪያ መሬት ላይ ያወርዱታል፤ ከዚያ እንደገና አንሥተው ይደረድሩታል። ድርብ ሥራ። አሠሪዎቹ ይህ ሲታያቸው ያንገበግባቸው ነበር። የማኅበሩ መሪ ሃሪ ብሪጅስ የሚባል ሰው ነው፤ ከአሠሪ ጋር ሲጣላ የኖረ። በ1960 ግን ቁጭ ብሎ ተደራደረ። ማሽኑን አምጡ፣ ደንቡንም ለውጡ፤ ትርፉን ግን እንካፈላለን ነበር ነገሩ። አሠሪዎቹ በዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ለሠራተኞቹ ፈንድ ሊያስገቡ ተስማሙ። ቋሚ ምዝገባ ያለው ሰው በማሽን ምክንያት አይባረርም። ዕድሜው የገፋ ገንዘቡን ይዞ ቀደም ብሎ ጡረታ ይወጣል። ስለዚህ እውነት እውነቱን የተባልከው ወንድሜ፣ ማኅበር ሁሉ ማሽን ከልካይ አይደለም።

አሁን ደግሞ የማይነገረውን ልንገራችሁ። ጥበቃው «ኤ» ለሚባሉት፣ ቋሚ ምዝገባ ላላቸው ነበር። «ቢ» የሚባሉትና የቀን ሠራተኞቹ ከኋላ ቀሩ። በ1966 ሲታደስ ደግሞ አሠሪው ማሽን የሚነዱትን ለራሱ በቋሚነት እንዲይዝ ተፈቀደለት። እስከዚያ ሥራ የሚታደለው በማኅበሩ አዳራሽ በተራ ነበር። ተራው ላይ ቀዳዳ ተከፈተ። በ1971 ለተጀመረው የ134 ቀን አድማ አንዱ ምክንያት ያ ቀዳዳ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሲያብላላ ኖሮ ፈነዳ።

እኛ ደግሞ ከበሩ ውጭ ነን። መኪናው የራሳችን፣ ናፍጣው የራሳችን፣ ማኅበር የለን። አንዱ ተርሚናል የመግቢያ ቀጠሮ በኮምፒዩተር ይሁን ያለ ጊዜ ማን ጠየቀን? ቀጠሮ ካመለጠ ቀኑ አመለጠ። ስምምነት የሚጠብቀው ስሙ የተጻፈበትን ሰው ነው። ጽጌ ልጄ፣ እናንተ ጋ ኦን ኮል የሚባሉት፣ ሥራ ሲበዛ ብቻ የሚጠሩት ልጆች አሉ አይደል? ስልኩ ለነሱም ይሰጣል ወይስ ለቋሚዎቹ ብቻ? ስትጽፉ እነሱን አትርሷቸው።

ሩት_ሄንደርሰን

የተለየ ነገር ልበል፣ አትቆጡኝ። እኔም ሀውስ ኪፒንግ ነኝ፣ ሌላ ሆቴል። አፕ ከመጣልን ሁለት ዓመት ሆነን። ወረቀቱም እኮ ጻድቅ አልነበረም!

ወረቀቱን የምታዘጋጀው ሱፐርቫይዘር ነበረች። የአገሯ ልጆች ቼክ አውት አይበዛባቸውም ነበር። የመታጠቢያ ገንዳ ያላቸው ስዊቶች ግን ሁልጊዜ ለኔና ለአንዲት ፊሊፒና። ለማን ትናገሪያለሽ? ማስረጃ የለሽ። አፑ ሲመጣ ዩኒየኑ አንድ ብልጥ ነገር አደረገ። «ይህ አፕ ለማን ስንት ቼክ አውት እንደሰጠ በየወሩ ለኛም ይሰጠን» ብሎ አስጻፈ። አሁን ወር ሲያልቅ ስቲዋርዷ ዘርዝራ ታሳየናለች። ዘንድሮ አንዴም ከሌላው በላይ ተጭኖብኝ አያውቅም። ስለዚህ ጽጌ፣ አፑን አውጡልን ብቻ አትበዪ። እሱ የሚያየውን እኛም እንይ በዪ።

እርግጥ ሊፍቱ እውነት ነው። ሊፍት እኛም ጋ አልተፈታም።

ዳዊት_ቨርጂኒያ

ሹፌር ነኝ፣ ዕቃ አድራሽ። የምሠራበት ድርጅት ማኅበር የለውም፤ ያለው ምን እንዳገኘ ግን አጥብቄ እከታተላለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

መኪናችን ውስጥ ፊታችንን የሚያይ ካሜራ ተተከለ። ሳዛጋ ይጮሃል። መስታወት ሳይ ይጮሃል። አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ቡናዬን ፉት አልኩ። «ስልክ ይዟል» ብሎ መዘገበኝ። የወረቀት ኩባያ ነው የያዝኩት! ቪዲዮውን አሳዩኝ ብል «ሲስተሙ ነው ያለው» አሉኝ። ነጥቤ ወረደ፣ የዚያ ሳምንት ተጨማሪ ሰዓት ለሌላ ተሰጠ።

ዩፒኤስ የሚባለው ዕቃ አድራሽ ኩባንያ ውስጥ ቲምስተርስ ማኅበር አለ፣ ለ340 ሺህ ሰው ነው የሚደራደረው። በ2023 ኮንትራት ሹፌሩን የሚቀርጽ ካሜራ መኪናው ውስጥ እንዳይኖር አድርገዋል። ከዚያም በፊት የቆየ አንድ አንቀጽ አላቸው፤ እኔ በጣም የምወደው። ሠራተኛ በጂፒኤስ ወይም እሱን በተካ ሲስተም መረጃ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ከሥራ አይባረርም። ሆን ብሎ ካጭበረበረ በቀር።

ጽጌ፣ ያቺን 41 ደቂቃ አስቢያት። አንቀጹ ቢኖርሽ ሱፐርቫይዘሯ መጠየቅ ትችላለች፣ በሱ ልታባርርሽ ግን አትችልም። መጥታ ክፍሉን ማየት አለባት። ለኔ ከ18 ሺህ ዶላሩ ይልቅ ይህ ይበልጣል። 18 ሺው የሚመጣው ሥራሽ ከጠፋ በኋላ ነው።

መላኩ_ሊቀመንበር

ከአዲስ አበባ ነኝ። የአንድ ፋብሪካ መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኜ ሁለት የኅብረት ስምምነት ተደራድሬያለሁ። እኛም ጋ ነገሩ ደርሷል፣ በአሻራ በኩል ነው የመጣው።

የመግቢያ መዝገቡ ቀርቶ የአሻራ ማሽን ተተከለ። በመጀመሪያው ወር ከማቅለሚያ ክፍል 23 ሴቶች «ቀሩ» ተብሎ ደመወዛቸው ተቆረጠ። አልቀሩም። በኬሚካልና በሙቅ ውሃ የጣታቸው መስመር ጠፍቷል። ማሽኑ አያነባቸውም። አንዷ እናት ጣቷን በቀሚሷ እየጠረገች፣ በምራቋ እያረጠበች፣ እንደገና እየጫነች በሩ ላይ ሩብ ሰዓት ስትቆም አይቻታለሁ። ከኋላዋ ሰልፉ ይጮህባታል። ሃያ ዓመት ያገለገለችበት ቦታ «ማን እንደሆንሽ አላውቅም» አላት።

ሕጉ ምን ይላል ያላችሁ እንደሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ቴክኖሎጂ የሚያነሣው ስለ ቅነሳ ሲያወራ ነው። ምርታማነትን ለማሳደግ ተብሎ አሠራር ሲለወጥ ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ ሲገባ አሠሪው ሠራተኛ ሊቀንስ ይችላል። ከማኅበሩ ጋር መመካከር አለበት። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለው። ስንብቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በቅነሳ ምክንያት ከሆነ ደግሞ 60 ቀን ይጨመራል። እንደ እህታችን ጽጌ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ ሰው 170 ቀን መሆኑ ነው። ስለዚህ ለሚቀነሰው ሕግ አለ። ለሚለካው ግን፣ ማለትም ለማይቀነሰውና ቀኑን ሙሉ ማሽን ለሚከታተለው፣ ያለው የኅብረት ስምምነቱ ነው። እዚያ ላይ ካልጻፋችሁት የለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፤ ለድርድር ጠረጴዛ ጥሩ መያዣ ነው፣ ግን ፋብሪካ በር ላይ ጣቷ ለማይነበብ ሴት በዚያው ጠዋት አይደርስላትም።

እኛ ምን አደረግን? አሻራው ይውጣ ብለን አልጠየቅንም። ብንጠይቅም አይሰሙንም ነበር። «ለሦስት ወር ወረቀቱም ማሽኑም ጎን ለጎን ይሥሩ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ወረቀቱ ይጸናል» አልን። ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፣ ግን ፈረመ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ራሱ የሰው ኃይል ክፍሉ ለማቅለሚያ ክፍል መታወቂያ ካርድ አወጣ። ልዩነቱን በዓይናቸው አይተውታላ። የተቆረጠውም ደመወዝ ተመለሰ፤ የሁለት ሴቶች ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፣ አሁንም እየተከራከርን ነው።

ሔለን_ፍራንክፈርት

ጋሽ መላኩ፣ የዚያች እናት ነገር ልቤን ነካው።

እኔ ፍራንክፈርት አረጋውያን እንክብካቤ ውስጥ ነኝ። እዚህ አገር ነገሩ በሁለት እጅ ነው የተያዘው። ደመወዙን ማኅበሩ ይደራደራል። እዚያው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሠራተኛው የሚመርጠው ምክር ቤት አለ። በ1972 የወጣው ሕግ የሠራተኛን ጠባይ ወይም የሥራ አፈጻጸም ለመቆጣጠር የሚውል ማንኛውም የቴክኒክ መሣሪያ ያለ ምክር ቤቱ ስምምነት አይገባም ይላል። ምክክር አላልኩም፣ ስምምነት። ፍርድ ቤቶቹ ደግሞ አሠሪው «ለቁጥጥር አላሰብኩትም» ቢልም መሣሪያው ለቁጥጥር መዋል ከቻለ ይበቃል ብለዋል። የሠራተኛ መገኘት የሚመዘገብበት ኤክሴል እንኳን ከዚህ አላመለጠም።

ታብሌት ሲመጣልን ምክር ቤቱ ስድስት ወር ያዘው። ሁላችንም አማረርን፤ እኔም «ምን አካበዱት» ብያለሁ። በመጨረሻ የወጣው ወረቀት ሁለት ገጽ ነው። የትኛው አዝራር ሲነካ ምን ይመዘገባል፣ ማን ያየዋል፣ መቼ ይጠፋል። ስድስት ወር ለሁለት ገጽ! ግን ጽጌ፣ ካንቺ በተቃራኒ፣ ለአንድ አዛውንት ፀጉር በማበጠር ያጠፋሁትን ደቂቃ የሚጠይቀኝ የለም።

ጽጌ_ቬጋስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሥራ ላይ ሆኜ በምሳ ሰዓት ሳነብ ሳንድዊቼን ረሳሁት።

ሩት ያልሽው አሳፍሮኛል። እውነት ለመናገር የኛ ሱፐርቫይዘር ትወደኛለች፣ ወረቀቱ ለኔ ጥሩ ነበር። ለሁሉም ጥሩ እንዳልነበር አላሰብኩትም።

አንድ ጥያቄ። የሆቴሉ ሰዎች በመጀመሪያው ስብሰባ «አፕ መግዛት የኛ ውሳኔ ነው፣ ለድርድር አይቀርብም» አሉ። እውነት ነው?

ሕግ_ነክ

ግማሽ እውነት ነው እህቴ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ማኅበር ቢሮ ውስጥ አገለግላለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ሁለት ነገር ለይተሽ ያዢ። አንዱ ውሳኔው ነው፤ ይገዛ አይገዛ። ሌላው ውሳኔው በሠራተኛው ላይ የሚያመጣው ውጤት ነው። ኩባንያ ስለ ውሳኔው «የኔ ነው» ብሎ የሚከራከርበት ቦታ ብዙ ነው። ስለ ውጤቱ ግን አልደራደርም ማለት አይችልም። የሥራ ጫና፣ የደቂቃ ልኬት፣ ቅጣት፣ ሥልጠና፣ ይህ ሁሉ የሥራ ሁኔታ ነው። ክትትልን በተመለከተ ደግሞ የቆየ ውሳኔ አለ። በ1997 በኮልጌት ፓልሞሊቭ ጉዳይ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርዱ ድብቅ ካሜራ መትከል ግዴታ ለድርድር የሚቀርብ ነው ብሏል።

ከሁሉ በፊት ግን መረጃ በጽሑፍ ጠይቁ። አፑ ምን ይመዘግባል? መረጃው የት ይቀመጣል? ሻጩ ኩባንያ ያየዋል? ለድርድሩ የሚያስፈልግ መረጃ ከሆነ መስጠት ግዴታቸው ነው። ብዙ ጊዜ የሆቴሉ ሰዎች ራሳቸው መልሱን አያውቁትም። ያኔ ጠረጴዛው ላይ ያለው አየር ይለወጣል።

የሆሊውድ ጸሐፊዎችም በ2023 ከ148 ቀን አድማ በኋላ ካገኙት ውስጥ አንዱ ይኸው ነው። ኩባንያው የሚሰጣቸው ጽሑፍ በኤአይ የተሠራ ከሆነ መናገር አለበት። በኤአይ ጻፉ ብሎም ማስገደድ አይችልም። መጀመሪያ ማወቅ፣ ከዚያ መከራከር።

እውነት_እውነቱን

ጋሽ ተፈራ፣ የ1960ውን አላውቅም ነበር። እሺ፣ ያ አስተዋይነት ነው። የሩትም ገብቶኛል። ግን የዳዊት አንቀጽ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። «ብቻ» የሚለው ቃል አያፈስም? ሱፐርቫይዘሩ አፑ ላይ 41 ደቂቃ ያያል፤ ከዚያ «እኔም ስታዘግም አይቻታለሁ» ብሎ አንድ መስመር ይጨምራል። በቃ፣ አሁን «ብቻ» አይደለም። እኔ አሠሪ ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ዳዊት_ቨርጂኒያ

አየህ፣ አንተ ኮሚቴ ውስጥ ብትገባ ትጠቅማለህ። ልክ ነህ። ከዩፒኤስ ሾፌሮች ጋር ሳወራም ክርክሩ ሁልጊዜ እዚያች ቃል ላይ ነው። ግን ያለ «ብቻ» ኩባንያው አይፈርምም።

መላኩ_ሊቀመንበር

እኛም በአማርኛ ስናረቅ በዚህች ቃል አንድ ከሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቀናል። «በመሣሪያው መረጃ ብቻ አይቀጣም» ብንል ወንድማችን ያለው ቀዳዳ አለ። «በመሣሪያው መረጃ አይቀጣም» ብንል አሠሪው «ታዲያ ለምን ገዛሁት?» ይላል። በመጨረሻ ቃሏን ትተን ቅደም ተከተሉን ጻፍን። መሣሪያው ያለው ነገር ለሠራተኛው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ይነገረዋል። ሠራተኛው መረጃውን ራሱ ያያል። ተወካዩ ባለበት መልስ ይሰጣል። ይህ ካልተደረገ መረጃው ለቅጣት አይውልም። «ብቻ» የለችም፣ ሥራዋን ግን ትሠራለች። ጽጌ፣ ከፈለግሽ ጽሑፉን እንዳለ እልክልሻለሁ።

ቀልዱ_አያልቅም

ሰውየው ሰዋስው ነው የተደራደረው።

ጽጌ_ቬጋስ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሰላም ናችሁ። ሦስተኛው ስብሰባ ትናንት አለቀ፤ ድርድሩ ግን አላለቀም። የሆነውን ልንገራችሁ።

መረጃ በጽሑፍ ጠየቅን። አፑ ክፍል ስገባ፣ ስወጣ፣ ስልኩ ለስንት ደቂቃ እንዳልተነካ ሁሉ ይመዘግባል። ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ ስንጠይቅ የሆቴሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ «ሻጩን እንጠይቃለን» አለች። እንዳልከው ነው ሕግ ነክ፣ አየሩ ተለወጠ።

ከዚያ እኔ ተናገርኩ። ምንም ንግግር አላዘጋጀሁም። ሊፍቱን ብቻ ነው ያወራሁት። ስቲዋርዱ ቀደም ብሎ ሦስት ቀን የሊፍት ጥበቃችንን በወረቀት አስመዝግቦን ነበር። አሥራ ሁለት ሴቶች፣ እያንዳንዷ በእርሳስ። የኔ በአንድ ቀን 52 ደቂቃ መጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ የእርሳሱ ጽሑፍ በሳሙና ውሃ ደብዝዞ ነበር፤ የሆቴሉ ጠበቃ መነጽሩን አውጥቶ አነበበው። ከዚያ በኋላ ስለ ሊፍት ማንም አልተከራከረኝም።

እስከ አሁን በቃል የተስማማንበት፦ የቀኑ ክፍሎች በሙሉ ጠዋት ስልኩ ላይ ይታያሉ፣ ቅደም ተከተሉን እኛ እንመርጣለን፤ እንግዳ ሲጣደፍ ግን ሆቴሉ በቀን ሁለት ጊዜ ቅደም ተከተሉን መዝለል ይችላል። ለማን ስንት ቼክ አውት እንደተሰጠ በየወሩ ለስቲዋርዱ ይሰጣል። ሩት፣ ያቺ ያንቺ ናት። የጋሽ መላኩን ቅደም ተከተል ወደ እንግሊዝኛ መልሰን አቀረብን፤ ሁለቱን የሥራ ቀን ወደ አምስት ይሁን ብለዋል፣ እኛ ሦስት ብለናል። ለጠፋ ሥራ የሚከፈለውን ገንዘብ ገና አልነካነውም። እሱን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል።

ሌላው የስልኩ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽና ታጋሎግ አለው። አማርኛ ጠየቅን። ለማሳያ ብለው አንድ ስልክ ላይ ጭነው አመጡ። ፊደሉ በሙሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ወጣ። ጠበቃው ስልኩን አዙሮ አሳየኝና «ይህ ነው ጽሑፋችሁ?» አለኝ፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱም ሳቀ። ያስተካክላሉ ተብሏል።

ኪያ_702

«ይህ ነው ጽሑፋችሁ?» ሞትኩ! ኩራት ነሽ ጽጌ። 52 ደቂቃዋን ለእህቴ ነገርኳት፣ እሷም ነገ እርሳስ ይዛ ልትገባ ነው።

ጋሽ_ተፈራ

ተባረኪ ልጄ። የኦን ኮሎቹ ነገርስ?

ጽጌ_ቬጋስ

ጋሼ፣ አንሥተነዋል። «እነሱ ሌላ ነገር ናቸው» አሉን። ሐሙስ እንቀጥላለን። ሁለቱን ልጆች ይዤ ልገባ ነው፣ ራሳቸው ይናገሩ።